ዝናብ ያሳደገው የፍለጋ ጨዋታ

በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ፣ በዴቨን፣ ዳርትሙር የሚባል ሰፊ ገላጣ ደጋ አለ። እዚህም እዚያም የግራናይት ቋጥኝ ይታያል፤ መሬቱ ደግሞ ውኃ አቁሮ የሚይዝ ማጥ ነው። ከፍ ባለው ክፍል በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይጥላል። ጭጋጉ ድንገት ሲወርድ መንገዱን የሚያውቀው ሰው እንኳ ይጠፋበታል።

በእ.ኤ.አ. 1854 ጄምስ ፔሮት የተባለ የቻግፎርድ ሰው በዚህ ደጋ እንግዶችን እየመራ ይተዳደር ነበር። ክራንሜር ፑል ወደተባለው ሩቅ ረግረግ ለመድረስ ብዙ ሰዓት በጭቃ መጓዝ ያስፈልግ ነበርና፣ ደርሶ የተመለሰ ሁሉ መድረሱን የሚያስመሰክርበት ነገር ቢኖረው ይወድ ነበር። ፔሮት እዚያው ጠርሙስ አስቀመጠ፤ የደረሰ ሰው ስሙ ያለበትን ካርድ ይከትበታል። በዚያ አገር ወረቀት ከዝናብ የሚተርፈው እንዲህ ባለ ዕቃ ውስጥ ብቻ ነው።

ልማዱ ቀስ በቀስ መልክ ያዘ። በጠርሙሱ ፋንታ የቆርቆሮ ሣጥን ገባ፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ የጎብኚዎች መዝገብና የጎማ ማኅተም ተጨመሩ። ከሁሉ ደስ የሚለው የፖስት ካርዱ ነገር ነው። መንገደኛው የራሱን አድራሻ የጻፈበትን ካርድ በሣጥኑ ትቶ ይሄዳል፤ ቀጥሎ የመጣው የማያውቀው ሰው ካርዱን አንሥቶ ፖስታ ቤት ያደርስለታል። ካርዱ ቶሎ እጁ ከገባ ቦታው ሰው ይበዛበታል ማለት ነው፤ ከዘገየ ደግሞ እሱን ተከትሎ ያን ጭቃ የደፈረ ጠፍቷል። በእ.ኤ.አ. 1938 ስለ ዳርትሙር ብዙ ለጻፈው ለዊልያም ክሮሲንግ መታሰቢያ ዳክስ ፑል በሚባለው ቦታ ሌላ ሣጥን ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ የሣጥኖቹ ቁጥር እየበዛ ሄደ፤ ዛሬም ቤተሰቦች ማኅተማቸውንና ደብተራቸውን ይዘው ይፈልጓቸዋል።

ጂኦካሺንግ የሚባለው፣ የተደበቀ ሣጥን በጂፒኤስ የሚፈለግበት የዘመናችን ጨዋታ የተወለደው ግን ከሰማይ በመጣ ምልክት ነው። የጂፒኤስ ሳተላይቶች 20,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይዞራሉ፤ የአሜሪካ መንግሥት ለረጅም ጊዜ ሲቪሎች የሚጠቀሙበትን ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ስለነበር፣ አንድ ሰው የቆመበትን ቦታ የጂፒኤስ መሣሪያው እስከ 100 ሜትር ድረስ አሳስቶ ሊነግረው ይችል ነበር። ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. (ሜይ 2 ቀን 2000) በፕሬዚዳንት ክሊንተን ትእዛዝ ማዛባቱ ቆመ። በማግሥቱ ዴቭ ኡልመር የተባለ የኮምፒውተር ባለሙያ በኦሪገን ግዛት፣ ቢቨርክሪክ አቅራቢያ ጫካ ውስጥ አንድ ጥቁር የፕላስቲክ ባልዲ ደበቀና የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ በኢንተርኔት አወጣ። በባልዲው ውስጥ መዝገብ፣ እርሳስ፣ መጻሕፍት፣ የቪዲዮ ካሴት፣ ወንጭፍና አንድ ቆርቆሮ ባቄላ ነበሩ። ደንቡ አጭር ነው፦ የሆነ ነገር ውሰድ፣ የሆነ ነገር ተው።

ባልዲውን ቀድሞ ያገኘው ማይክ ቲግ ከአጎራባቹ ዋሽንግተን ግዛት የመጣ ሰው ነው፤ ሦስት ቀን እንኳ አልፈጀበትም። ወሩ ሳያልቅ ማት ስተም የተባለ ሰው ለጨዋታው ይህን ጂኦካሺንግ የሚለውን ስም አወጣለት። በሴፕቴምበር ጄረሚ አይሪሽ የተባለ ሰው የጨዋታውን ድረ ገጽ ሲከፍት በመላው ዓለም የተመዘገቡት ሣጥኖች 75 ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ናቸው።

የኦሪገን ምዕራባዊ ክፍልም እንደ ዳርትሙር ዝናብ የሚበዛበት አገር ነው። ፈላጊዎቹ የሚይዟቸው ዕቃዎች የዝናቡን ታሪክ ይናገራሉ። በሣጥኑ ውስጥ እስክሪብቶ ሳይሆን እርሳስ የሚቀመጠው ቀለም ርጥብ ወረቀት ላይ ስለሚፈስ፣ ብርድም ስለሚያረጋው ነው። የወታደር የጥይት ሣጥን ተወዳጅ የሆነው ክዳኑ ዙሪያውን ጎማ ስላለውና ውኃ ስለማያስገባ ነው። ዝናብ የማይበግረው የመጻፊያ ወረቀት ደግሞ ጨዋታው ከመፈጠሩ ከሰማንያ ዓመት በላይ አስቀድሞ፣ በእ.ኤ.አ. 1916፣ እዚያው ሰሜን ምዕራብ አሜሪካ ጫካ ውስጥ ለሚሠሩ ግንድ ቆራጮች ሲባል ተሠርቷል።

በብሪታንያ ጨዋታውን ለልጆች የተመቸ ሜዳ ተዘጋጅቶ ጠበቀው። በእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ መኪና ያለው ሰው ሲበዛ የከተማው ሕዝብ በዕረፍት ቀኑ ወደ ገጠር ይጎርፍ ጀመር። በእ.ኤ.አ. 1968 የወጣው የገጠር ሕግ የአካባቢ አስተዳደሮች ለከተማ ቅርብ የሆኑ የገጠር ፓርኮችን እንዲያቋቁሙ ሥልጣን ሰጠ። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የሆነው የዊረል ፓርክ በእ.ኤ.አ. 1973 የተከፈተው ባቡር በተቋረጠበት አሮጌ ሐዲድ መሥመር ላይ ነው። መኪና ማቆሚያ፣ መጸዳጃና ሰው የማይጠፋበት መንገድ ስላላቸው፣ የስድስት ዓመት ልጅ ይዞ ለመውጣት እንዲህ ያሉ ፓርኮች ከዳርትሙር ማጥ እጅግ ይሻላሉ።

ሰማዩ የጠቆረ ዕለት ቤት መዋል ታዲያ ትልቅ ዕድል ማሳለፍ ነው። ሣጥኑ የሚወጣውም የሚመለሰውም ጨዋታውን የማያውቅ ሰው ሳያይ መሆን አለበት። ፀሐይ በወጣበት እሑድ ከሣጥኑ አጠገብ ያለው አግዳሚ ወንበር ሰው አያጣም፤ ካፊያ ሲጥል ግን ፓርኩ ለዝናብ ልብስ ለባሾች ብቻ ይቀራል። ዝናቡ ራሱ የሳተላይቱን ምልክት እምብዛም አይነካውም። የሚያስቸግረው የረጠበ ቅጠል ነው፤ ጥቅጥቅ ካለ ዛፍ ሥር በስልኩ ላይ አቅጣጫ የሚያሳየው ቀስት ወዲያና ወዲህ ይዋልላል፣ የስልኩም መስታወት ጠብታውን እንደ ጣት ይቆጥረዋል። ያኔ ስልኩ ኪስ ይገባና ዓይን ሥራውን ይጀምራል፦ ተፈጥሮ ያልደረደረችው የሚመስል የእንጨት ክምር፣ ከሌሎቹ የተለየ ድንጋይ፣ የግንድ ጉድጓድ። በዚህ ልጆች ወላጆቻቸውን ይቀድማሉ፤ ቁመታቸው ለመሬት ቅርብ ነውና።

ሣጥኑ ሲገኝ ጥንቃቄው ይጀምራል። አንዱ ጃንጥላውን ከላይ ይዘረጋል፤ ሌላው እጁን በሹራቡ ውስጥ አድርቆ ክዳኑን ይከፍታል። የተጠቀለለው ወረቀት ከፕላስቲክ ከረጢቱ ይወጣል፤ ስምና ቀን በእርሳስ ተጽፎ ወዲያው ይመለሳል። ልጁ ትንሿን የፕላስቲክ ዳይኖሰር ወስዶ በምትኩ የመስታወት ብይ ይተዋል። ምግብ መተው ዛሬ ክልክል ነው፤ እንስሳት ሽታውን ተከትለው ሣጥኑን ይሰብሩታል፤ የኡልመር ባቄላ ዛሬ ቢሆን አይፈቀድም ነበር። ከመዝጋት በፊት ጎማው ዙሪያውን በጣት ይዳሰሳል፤ አንዲት የሣር ስንጥር ተይዛ ከቀረች ውኃው በዚያ ይገባል። ወረቀቱ አስቀድሞ ርሶ ከተገኘ ቤተሰቡ ያንኑ በጨዋታው የስልክ መተግበሪያ ላይ ይጽፋል፤ የሣጥኑ ባለቤትም ደረቅ ወረቀት ይዞ ይመጣል።