ስለ መቋሚያና ስለ አቋቋም፤ የድካም መደገፊያ የነበረው በትር የውበት መሣሪያ እንደ ሆነ

በእንጨት አማካይነት ሰውነትን ማሠልጠንና እንቅስቃሴን ማሳመር በልዩ ልዩ ሕዝብ ዘንድ የሚገኝ ጥበብ ነው። በሕንድ አገር በማሃራሽትራ ግዛት ማላካምብ የሚባል አለ፤ በመሬት በተተከለና የጉሎ ዘይት በተቀባ ምሰሶ ላይ ወጣቶች እየወጡ ሰውነታቸውን ያጥፋሉ፣ ይዘረጋሉ፣ ይጠመዝዛሉ። በዚያ ምሰሶው ቆሞ ሰው ይንቀሳቀሳል። በእኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ግን ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል፤ ሰው ቆሞ በትሩ ይንቀሳቀሳል። የዜማው ታሪክ በየጊዜው ይነገራል፤ የእንቅስቃሴው ግን ብዙ ጊዜ የዜማው ጥላ ብቻ ሆኖ ይቆጠራል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ይህ የበትር እንቅስቃሴ እንዴት እየጠራና እየለዘበ እንደ መጣ፣ ስለ ውበቱም ምን ዓይነት ክርክር እንደ ተነሣ ነው።

ከቃሉ እንጀምር። በትሩ መቋሚያ ይባላል፤ ጥበቡም አቋቋም ይባላል። ሁለቱም የወጡት ቆመ ከሚለው ግስ ነው። አንዱ የሚቆሙበት ዕቃ፣ ሌላው የአቆም ሁኔታ ማለት ነው። የውጭ አገር ሰው መዘምራኑን በበዓል ቀን ቢያይ ጭፈራ ነው ይል ይሆናል፤ የአገሩ ሰውም ሽብሸባ ይለዋል። ሊቃውንቱ ግን የሰጡት ስም መቆምን የሚያመለክት ነው። ይህን ነገር አንባቢ ልብ እንዲለው እንፈልጋለን፤ በኋላ የምናመጣው ክርክር ሁሉ በዚህ ቃል ላይ ይዞራልና።

በስድስተኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ያሬድ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ የተደገፈበት ጦር እግሩን ወጋው፤ ዘማሪውም ንጉሡም በዜማው ከመመሰጣቸው የተነሣ ሳያውቁት ቀሩ ይባላል። ይህ ትውፊት በዚያ ዘመን የዛሬው አቋቋም እንደ ነበረ አያስረዳም፤ ለዚያ ምስክር አድርገን ልናቀርበውም አንችልም። ነገር ግን በሥዕሉ ውስጥ ያሉት ሁለቱም ሰዎች ቆመዋል፤ አንዱም በዘንግ ተደግፏል። የኢትዮጵያ ማኅሌት ራሱን የሚያስበው እንዲህ ነው።

ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምስክር የምናገኘው ከፖርቱጋላዊው ቄስ ከፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። ይህ ሰው ከመልእክተኞች ጋር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1520 መጥቶ እስከ 1526 በአገራችን ቆይቷል፤ መጽሐፉም በሊዝበን በ1540 ታተመ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ብዙ የእንጨት ምርኩዞች እንዳሉ፣ ካህናቱም እያንዳንዳቸው አንዳንድ እያነሡ ጸሎቱ እስኪፈጸም ድረስ ተደግፈው እንደሚቆሙ ጽፏል። በቤተ ክርስቲያናችን ወንበር የለም፤ ማኅሌቱም ከሌሊት ተጀምሮ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። እንግዲህ መቋሚያው በመጀመሪያ ለጉልበት የተሠራ ዕቃ ነው ብንል የምንሳሳት አይመስለንም። ደክሞት የተደገፈ ሰው ዜማው ሲያነሣሣው በእጁ ያለውን በትር ማንሣቱና ምት መጠበቂያ ማድረጉ አይቀርም።

በዚያው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (ከ1540 እስከ 1559 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር)፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንደ ሠሩ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ድምፅ በብራና ላይ ሊጠበቅ ቻለ። የክንድና የወገብ መዘንበል ግን ይልቁንም በዓይን የሚማሩት ነገር ሆኖ ቀረ፤ ተማሪው ከመምህሩ አጠገብ ቆሞ እያየ ይከተላል። ከዚህም የተነሣ ድምፁ ከእንቅስቃሴው ይልቅ ሳይለወጥ ለመኖር ምቹ ሆነ፤ እንቅስቃሴው ደግሞ ለመሻሻልም ለመበላሸትም የተጋለጠ ነው።

የሥርዐቱ ደረጃ እንዲህ ነው። ቁም በሚባለው ዜማው ያለ መሣሪያ ይባላል። በዝማሜ መቋሚያው ይነሣል፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዘነብላል፣ ወደ ምድርም ይወርዳል። በመረግድ ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ፤ በጽፋት ምቱ ይፈጥናል፣ ጭብጨባም ይጨመርበታል። ከሁሉ የሚከብደው ግን፣ በበዓል ቀን ቆመን እንደ ተመለከትነው፣ ፈጣኑ ሳይሆን ዝግተኛው ዝማሜ ነው። በፍጥነት ውስጥ ስሕተት ይሸሸጋል፤ በዝግታ ውስጥ አይሸሸግም። ጀማሪው በትሩን በክንዱ ኃይል ያነሣውና ወርዶ ምድር ከነካ በኋላ እንደገና ለማንሣት ይቸኩላል። የሠለጠነው ግን ክብደቱ ራሱ እንዲያወርደው ይተወዋል፤ ትከሻው ይከተላል፣ ጉልበቱ ጥቂት ይለዝባል፣ እግሩ ግን ከቦታው እምብዛም አይለቅም። ሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆሞ እንዲህ ሲያደርግ የሃያ ሰው በትር አንድ በትር ይመስላል።

የዚህ ትምህርት ዋና ቦታ ጎንደር፣ ይልቁንም በአታ ነው። ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉት አካሄዶች ከዚያው የወጡ ናቸው። ከእነዚህ ሌላ ሦስተኛ አለ፤ እርሱም የተክሌ አቋቋም ይባላል፤ የጽሑፋችንም ዋና ነገር ይኸው ነው።

አለቃ ገብረ ሐና የፎገራ ሰው ነበሩ፤ ከዐፄ ቴዎድሮስ እስከ ዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ኖረዋል። ሕዝቡ የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው፤ የእርሳቸው ያልሆነውም ሁሉ በስማቸው ይነገራል። በዚህ ምክንያት የቅኔና የአቋቋም ሊቅነታቸው ከቀልዱ ኋላ ተሸፍኖ ቀርቷል፤ ይህም ያሳዝናል። እንደሚነገረው በጣና ዳር ሳሉ ሞገዱ ወደ ዳር መጥቶ ሲመለስ፣ ሸምበቆውም በነፋስ ዘንበል ብሎ ሲቃና እያዩ፣ ያንን ወደ መቋሚያው አገቡት። በፊት ክንዱ ብቻ ይሠራ በነበረበት ቦታ አሁን ሰውነት ሁሉ ከበትሩ ጋር ይወዛወዝ ጀመር።

የጎንደር ሊቃውንት ግን አልተቀበሉትም። ይህን አለማወቅ ወይም ቅናት ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ እኛ ግን አንስማማም። ሊቃውንቱ የፈሩት ዓይን ጆሮን እንዳይቀድም ነው ብለን እናስባለን። የሚያየው ሰው በወገቡ መለዘብ ቢደነቅ ቃሉን ላይሰማ ይችላል። በመጽሐፈ ሳሙኤል ዳዊት በታቦቱ ፊት ሲያሸበሽብ ሜልኮል በመስኮት አይታ ናቀችው፤ ጥያቄው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ያለ ነው። ሰውነት በምስጋና ውስጥ ምን ያህል ቦታ ይሰጠው? ጎንደር ጥቂት አለ፤ ገብረ ሐና ብዙ አሉ።

አዲሱ አካሄድ ሳይጠፋ የቀረው አለቃው ለልጃቸው ለተክሌ ስላስተማሩት ነው። ተክሌም በደብረ ታቦር አስፋፋው፤ እስከ ዛሬም የዚህ አቋቋም ማእከል ደብረ ታቦር ነው። በመጨረሻ ተቀባይነት ያገኘበትን ምክንያት በእንቅስቃሴው ውስጥ ራሱ የምናገኘው ይመስለናል። ተክሌ ሰውነትን አላዘለለም፣ እግርንም አላስሮጠም። የሚወዛወዘው ሸምበቆ ሥሩ በጭቃ ውስጥ እንደ ተተከለ ነው፤ እንዲሁ ደብተራው ከላይ ይዘነብላል እንጂ ከታች ቆሟል። ስለዚህ አቋቋም የሚለው ስም አልተነካም። አለቃው ጭፈራ ቢጨምሩ ኖሮ ጎንደር ትክክል በሆነች ነበር፤ እርሳቸው የጨመሩት ግን ሌላ የአቆም ዓይነት ነው።

የጥምቀት በዓል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በዚያ በዓል ታቦቱን ተከትለው ከሚወርዱት መዘምራን መካከል የተክሌን የሚያውቁትን ከሩቅ በትከሻቸው መለየት ይቻላል። ስሙ ግን የልጁ ነው። ሞገዱን ያዩት አባት በአቋቋሙ ስም ውስጥ የሉበትም፤ ሕዝቡ እርሳቸውን ለቀልድ ወስዷቸዋል።