የጨርጨሩ ገዥና የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት

ዛሬ ጭሮ የምትባለውን አሰበ ተፈሪን የጨርጨር ዋና ከተማ አድርገው ያቀኗት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በ1876 ዓ.ም. በሸዋ፣ ሰያ ደብር ተወለዱ። በልጅነታቸው ከራስ መኰንን ጋራ ዐድዋ ዘመቱ፤ ከዚያም ሩስያ ተልከው የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ።

በዚያን ዘመን አገረ ገዥ ማለት ዳኛም ማለት ነበር። ግብር የሚያስከፍለው ሹም ራሱ ችሎት ተቀምጦ ይፈርዳል። ታዲያ ሹሙ ራሱ የበደለው ገበሬ ለማን ይጮኻል? አዲስ አበባ ድረስ ይግባኝ ማለት ለድኻ ሰው ቀላል ነገር አልነበረም። ፊታውራሪ ጨርጨርን ለሌላው ግዛት ምሳሌ ሊያደርጉት የደከሙት ይህን በመሰለው ዘመን ነው።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን የአገራችንን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እኒሁ ሰው ናቸው። አብነቱ የጃፓን ሕገ መንግሥት ሲሆን 55 አንቀጾች ነበሩት። ዳኞች ሕግን ተከትለው፣ ችሎቱም በግልጽ ሆኖ እንዲፈርዱ ያዛል፤ ይህ መቼም ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎችን፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ፣ መኳንንቱና ሹማምንቱ እንዲመርጡ ተደነገገ። መብቃቱንስ የሚመዝነው ማን ነው? እንደ እኔ አስተያየት የሕጉ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው። ሕዝቡ እንደራሴዎቹን እንዲመርጥ የፈቀደው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የወጣው በ1948 ዓ.ም. ነውና።

አርቃቂው ግን ጣልያን ሊወረን በተነሣ ጊዜ ጄኔቭ ላይ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው ተሟገቱ። ከወረራው በኋላ ብዙ ዓመት በማዳጋስካር በስደት ኖረው ተመለሱ፤ በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ።