በእጅ የያዙት ወርቅ፦ እንዶድ፣ አስትራና የዓለም የመድኃኒት ገበያ

(ከዩልስታ፣ ስቶክሆልም)

በውጭ አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያን በተገናኘን ቁጥር የምንከራከረው ማን ሥልጣን ያዘ፣ ማን ታሰረ፣ ማን ከዳ በሚለው ነው። እርግጥ ነው፣ ይህም ያስፈልጋል። ነገር ግን የአገራችን ዕውቀት የት ደረሰ፣ ማን ወሰደው፣ ማንስ ጣለው ብለን የምንጠያየቀው ከስንት አንዴ ነው። ከዩልስታ በሰማያዊው የምድር ባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል በማይርቀው የስዊድን ፓርላማ ውስጥ በ1989 (ዘመኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሁለት ኢትዮጵያውያን ሳይንቲስቶች «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለው እንደነበር ከመካከላችን ስንቶቻችን እናስታውሳለን?

ተሸላሚዎቹ ዶክተር አክሊሉ ለማና ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ነበሩ። ያሸለማቸው ደግሞ እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ሲያጥቡበት የኖሩት እንዶድ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1964 አድዋ ላይ ነው። ወጣቱ አክሊሉ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እያጠና ሳለ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ወንዝ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አገኘ። ሌላ ሰው አይቶት የሚያልፈውን እሱ ጠየቀ፣ ፈተነ፣ አረጋገጠ። ከ1969 እስከ 1974 ድረስ በዚያው በአድዋ በተካሄደው የአምስት ዓመት ሙከራ፣ ከሕዝቡ 63 ከመቶ የነበረው የበሽታው ሥርጭት ወደ ሲሶ ገደማ ወረደ። በሕፃናት ላይ ደግሞ ከ50 ከመቶ ወደ 7 ከመቶ ዝቅ አለ። ዶክተር ለገሠ በበኩላቸው ከልዩ ልዩ የእንዶድ ዓይነቶች መካከል ኃይለኛውን መርጠው በማራባት ደከሙ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ከተገኘ በኋላ እንዶድ ለምን ዓለምን አላዳረሰም?

መልሱ ያለው በመድኃኒት ገበያው አሠራር ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ ለቀንድ አውጣ ማጥፊያነት የዓለም ጤና ድርጅት የሚያውቀው የጀርመኑ ባየር ኩባንያ ያወጣውን ኒክሎሳማይድ የተባለ ኬሚካል ነበር። አዲስ ነገር ተቀባይነት እንዲያገኝ ደግሞ በሰውና በአካባቢ ላይ ጉዳት እንደማያደርስ ውድ በሆኑ ላቦራቶሪዎች መፈተን አለበት። ደንቡ በራሱ ተገቢ ነው፤ መርዝ ውሃ ውስጥ ይጨመር የሚል የለም። ነገር ግን ወጪውን ማን ይክፈል? ኩባንያ ይህን ወጪ የሚያወጣው መልሶ በትርፍ የሚያገኘው ከሆነ ነው። ገበሬ በአጥሩ ሥር ከሚያበቅለው ቁጥቋጦ፣ ያውም ከድሃ ገበሬ፣ ምን ትርፍ ይገኛል? በመሆኑም የካናዳ የልማት ምርምር ማዕከል የፍተሻውን ወጪ እስኪደግፍ ድረስ ግኝቱ ከሃያ ዓመት በላይ ደጅ ሲጠና ኖረ።

«ተክል ስለሆነ ፓተንት ሊወጣለት ስለማይችል ነው» የሚሉ አሉ። ቀጥሎ የሆነው ነገር ይህን አባባል ውድቅ ያደርገዋል። ዜብራ መስል የተባለ ባለ ቅርፊት የውሃ እንስሳ በ1980ዎቹ ከአውሮፓ በመርከብ ተጭኖ ሰሜን አሜሪካ ገባና በታላላቆቹ ሐይቆች የፋብሪካና የውሃ ቧንቧ መድፈን ጀመረ። በ1990 ዶክተር አክሊሉ በኦሃዮ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲን ሲጎበኙ እንዶድ ይህንንም እንስሳ እንደሚገድል ተረጋገጠ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ በአሜሪካ ፓተንት ወጣ። ከፈጣሪዎቹ መካከል የአክሊሉ ስም ቢኖርም ባለመብቱ ዩኒቨርሲቲው ሆነ። ዕውቀቱን ከእናት ወደ ልጅ ሲያወርዱ የኖሩት የአድዋ ሴቶች ግን በወረቀቱ ላይ የሉም። እንግዲህ ለድሃ ልጅ ሕመም ሃያ ዓመት የጠፋው ባለቤት፣ ለሀብታም አገር ቧንቧ በጥቂት ዓመታት ተገኘ ማለት ነው። የጎደለው ፓተንት ሳይሆን ከፋይ ነበር።

ይህ ሕግ ሀብታሞችንም አይምርም። በ1913 በስቶክሆልም አቅራቢያ በሶደርቴልየ የተቋቋመው አስትራ፣ በ1988 ባወጣው ሎሴክ በተባለው የጨጓራ መድኃኒት የዓለምን ገበያ ተቆጣጥሮ ነበር። የሎሴክ ፓተንት ሊያበቃ ሲቃረብ የሎሴክ ቅልቅል ከያዛቸው ሁለት የመስታወት ምስል ሞለኪዩሎች አንዱን ለይቶ ኔክሲየም የተባለውን መድኃኒት አዘጋጀ። በ1999 ከእንግሊዙ ዜኔካ ጋር ተዋሐደና ዋና መሥሪያ ቤቱ ለንደን ገባ። በ2012 የሶደርቴልየ የምርምር ማዕከል እንዲዘጋ ሲወሰን ከሺህ በላይ ሠራተኞች ተነኩ። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው፦ ስዊድን ኩባንያው ሲሄድባት ዩኒቨርሲቲዎቿና ተመራማሪዎቿ ቀርተውላታል። እኛ ግን ኩባንያው ሳይኖረን ሊቃውንቱን በእስር፣ በሞትና በስደት አጣን። ጥፋቱን ሁሉ በፈረንጅ ላይ መጫን የማይቻለውም ለዚህ ነው።

ዛሬ የቢልሃርዚያ መድኃኒት የሆነውን ፕራዚኳንቴል የጀርመኑ መርክ ከ2007 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል በነፃ ይሰጣል። ምስጋና ይገባዋል። ሆኖም ክኒኑ በሰው አካል ውስጥ ያለውን ትል እንጂ በወንዙ ውስጥ ያለውን ቀንድ አውጣ አይነካም። ልጁ ድኖ እዚያው ወንዝ ሲገባ ተመልሶ ይያዛል። ምጽዋት ፈውስን ሊያግዝ ይችላል፤ የራስን ዕውቀት ግን አይተካም።

ከእንዶድ ተምረናል ወይ? በ2005 የጤፍ ዘረ መል ለአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በስምምነት ተሰጠ። ኩባንያው በ2009 ከሰረ። ፓተንቱን የኔዘርላንድ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው በ2018 ነው። በመካከሉ አገራችን የዘረ መል ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 482ን በ2006 አውጥታለች። ለዚህ ዓይነቱ ሕግ በዓለም መድረክ የተሟገቱት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረእግዚአብሔርም በ2000 ያንኑ የስቶክሆልም ሽልማት አግኝተዋል። ሕጉ አለ፤ ሕጉን የሚያስከብር ላቦራቶሪ፣ የሕግ ባለሙያና በነፃነት የሚናገር ተመራማሪ ከሌለ ግን ወረቀት ነው።

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይላሉ አበው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአክሊሉ ለማ ስም የሚጠራ የምርምር ተቋም ዛሬም አለ። በስደት ያለን ሐኪሞች፣ ኬሚስቶችና ፋርማሲስቶችም ጥቂት አይደለንም። የሚቀጥለው እንዶድ በየትኛው እናት ጓሮ እንዳለ ማንም አያውቅም። ሲገኝ ግን ለመፈተኛው የሚከፍለው ማን እንደሚሆን ከአሁኑ መነጋገር የእኛ ፋንታ ነው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ!