የሰማዕቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕልና የወላይታ ምድር



ከእመቤታችን ሥዕል በቀር በአገራችን ሠዓልያን እጅ እንደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋግሞ የተሣለ ያለ አይመስለንም። ነጩ ፈረስ፥ ጦሩ፥ ከፈረሱ እግር በታች የተጠቀለለው ደራጎን፥ በዛፍ ላይ ሆና የምትመለከተው ልጃገረድ ለሁላችሁም የታወቁ ናቸው።

ይሁን እንጂ የሰማዕቱ ገድል የሚናገረው ሌላ ነው። ንጉሥ ዱድያኖስ ሰባ ነገሥታትን ሰብስቦ ለጣዖት ስገድ ባለው ጊዜ እምቢ ብሎ ሰባት ዓመት መከራ ተቀበለ፤ ሦስት ጊዜ ሞቶ ተነሣ፤ በመጨረሻም ሚያዝያ 23 ቀን አንገቱን በሰይፍ ተቈረጠ። ዐፅሙ ተፈጭቶ በደብረ ይድራስ የተበተነበትም ቀን ጥር 18 ይከበራል። የታሪክ ጸሐፊዎች ሞቱን የሚያያይዙት የሮማው ቄሣር ዲዮቅልጥያኖስ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ303 ዓ.ም.፥ በክርስቲያኖች ላይ ካስነሣው ስደት ጋር ነው። ደራጎኑና ብሩታዊት የተባለችው የቤይሩት ልጅ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የተጨመሩ ናቸው።

ሠዓሊዎቻችን ታሪኩን ከውጭ ቢቀበሉትም ፈረሰኛውን የአገር ሰው አድርገውታል። እግሩ ባዶ ነው፤ በእርካቡም ውስጥ የገባው አውራ ጣቱ ብቻ ነው። ይህ የሮማ ወታደር ልማድ አይደለም፥ የኛው ፈረሰኛ አቀማመጥ ነው። ደግሞም በቀድሞው የሥዕል ሕግ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ሲሣል፥ ክፉው ሰው በጎን ሆኖ ባንድ ዓይን ብቻ ይታያል።

የአድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፥ በሰማዕቱ የወር በዓል ዕለት ስለ ዋለ፥ ሠዓልያን ቅዱስ ጊዮርጊስን ከኢትዮጵያ ጦር በላይ በፈረሱ ላይ እንዳለ ሣሉት። ወላይታን ስናስብ ግን ነገሩ ይከብዳል። የዐፄ ምኒልክ ሠራዊት ብርቱ ውጊያ አድርጎ ካዎ ጦናን የማረከው በ1887 ዓ.ም.፥ ከአድዋ አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት በፊት ነበር። አብያተ ክርስቲያናትም ከሠራዊቱ በኋላ ተተከሉ። እንግዲህ በአድዋ ለአገሩ የቆመው ሰማዕት፥ በወላይታ ከአሸናፊው ጋር የመጣ ፈረሰኛ ሆኖ ቢታይ ሊያስደንቀን አይገባም። (የወላይታ ትውፊት ከነገሥታቱ አንዱ አድርጎ የሚቈጥረው ሞቶሎሚ በገድለ ተክለ ሃይማኖት የዳሞት ንጉሥ ተብሎ መጠራቱን፥ ከሶዶ በላይ ያለው ተራራም ዳሞታ መባሉን ልብ ይሏል፤ የክርስትናው ወሬ ከዘመቻው ይቀድማል።) ከ1920 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የወንጌል ሚስዮናውያን ገብተው፥ ዛሬ የሚበዛው የወላይታ ሕዝብ የሚጸልየው ሥዕል በማይሰቀልበት ቤት ነው።

ለሥራ ወደ ሶዶም ሆነ ወደ ሌላ ከተማ ስትሄዱ ከአንድ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብትገቡ፥ ፈረሰኛውን አይታችሁ አትመለሱ። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት፥ ከመቅደሱ ግድግዳ ላይ፥ ከእርሱ አጠገብ ሰው ፈጥኖ የሚያልፋቸው የመከራው ሥዕሎች ይገኛሉ። በእነዚያ ውስጥ ሰማዕቱ ፈረስም ጦርም የለውም። እጁን ታስሮ በንጉሡ ፊት ቆሟል፤ ዱድያኖስም ባንድ ዓይኑ ያየዋል።