መዝገብ ያልያዘው ሞት

ነፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ ሰው ሲሞት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ጡሩምባ ይነፋል፣ የእድሩ ድንኳን ይተከላል፣ ጸሐፊው ደብተሩን አውጥቶ ለቤተሰቡ የሚከፈለውን ይጽፋል። ሟቹ ጎፋ ገብርኤል ወይም ዮሴፍ ቢቀበር ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳደር ያውቀዋል። ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ግን ልጁ ለውርስ ወይም ለቤት ስም ዝውውር የሞት ማስረጃ ሲጠየቅ ከመስኮቱ ወዲያ የሚሰማው መልስ አጭር ነው፦ «መዝገብ ላይ የለም።»

ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ፋይሉ ጠፍቶ ነው ብሎ ነው። ብዙ ጊዜ ግን የጠፋ ነገር የለም። መጀመሪያውኑ አልተጻፈም።

ነገሩ የሚጀምረው ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሕጉ ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚመዘገቡበትን የክብር መዝገብ በዝርዝር ደንግጎ ነበር። እዚያው ሕግ መጨረሻ አካባቢ ያለው ቁጥር 3361 ግን የመዝገቡ ድንጋጌዎች በነጋሪት ጋዜጣ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ እንዳይሠሩ አገዳቸው። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግም ሄደ። አዲስ አበባ ላይ ማዘጋጃ ቤቱ ለጠየቀው ሰው ማስረጃ ይሰጥ ነበር፤ ሞትን የማስመዝገብ ልማድ ግን አልነበረም። ስለዚህ ያልጠየቀ ቤተሰብ ሟች በመንግሥት ወረቀት ላይ ሳይሞት ቀረ።

አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ ምዝገባው የተጀመረው ደግሞ በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ከሕጉ እስከ ሥራው ከሃምሳ ዓመት በላይ አለፈ። በዚህ መሃል የተቀበረው ሕዝብ ስንት ነው?

በዚያ ላይ የቀበሌ ወረቀት አለ። ቀበሌ በ1967 ዓ.ም. በከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ተወለደ፤ በላዩ ከፍተኛ ነበር። በ1995 ዓ.ም. ከፍተኛው ቀርቶ ክፍለ ከተማ መጣ፣ ቀበሌዎች ተዋሃዱ፣ በኋላም ወረዳ ሆኑ። መዋቅሩ በተቀየረ ቁጥር ፋይል ከመጋዘን ወደ መጋዘን ተጫነ። የተጻፈውም ቢሆን እንዲህ በቀላሉ አይገኝም።

ከሁሉ የሚከብደው የቀይ ሽብር ሟቾች ጉዳይ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ልጁ ከቤት የተወሰደበት ወላጅ ሬሳም፣ ለቅሶም፣ ወረቀትም አላገኘም። ከደርግ ውድቀት በኋላ የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ግን አንድ መራራ እውነት አገኘ፦ ገዳዮቹ ጽፈዋል። የግድያ ትእዛዞች፣ የስም ዝርዝሮች፣ ፊርማዎች ተገኙ። የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ባለሙያዎች መጥተው ኮተቤ ላይ የጅምላ መቃብር ሲከፍቱ ከአጽሞቹ አንገት ላይ የናይለን ገመድ አገኙ። ለአንዳንድ ቤተሰብ ብቸኛው የሞት ማስረጃ ገዳዩ የፈረመበት ወረቀት ሆነ።

የተጻፈ ሁሉም እውነት አይደለም። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1967 ዓ.ም. በሕመም ሞቱ ተብሎ በይፋ ተነገረ። አጽማቸው የተገኘው በ1984 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ከመሬት ሥር ነው፤ ልዩ ዐቃቤ ሕግም ግድያ ነው ብሎ ከሰሰ። ሥላሴ ካቴድራል የተቀበሩት በ1993 ዓ.ም. ነው። ንጉሥ እንዲህ ከሆነ ተራው ሰው ምን ይባላል?

ሕጉ መውጫ አላስቀመጠም ማለት አይቻልም። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 154 መሠረት ሁለት ዓመት ወሬው ያልተሰማን ሰው ጉዳይ የሚያገባው ሁሉ ፍርድ ቤት ሄዶ መጥፋቱ እንዲወሰን መጠየቅ ይችላል። ነገር ግን እጇ ላይ ያረፈ ባሏን «ጠፋ» ብላ የምታመለክት መበለት ስሜት ሌላ ነው። እሷ የት እንደተቀበረ ታውቃለች። በየዓመቱ ተዝካር ታወጣለታለች።

ደግሞ ማስረጃው አገር ውስጥ አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማዋ መካነ መቃብሮች ቀብር እየመዘገቡ፣ ኤች አይ ቪ ስንቱን እንደሚገድልና የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲመጣ ሞት እንዴት እንደቀነሰ አሳይተዋል። መንግሥት ያልያዘውን የመቃብር ጠባቂው ያውቀው ነበር። ለሳይንስ የበቃ የቀብር መዝገብ ለአንዲት መበለት የማይበቃበት ምክንያት ምንድን ነው?

መደረግ ያለበት ከባድ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን፣ የመስጊድና የእድር መዝገቦች ሳይበሰብሱ በፎቶ ይነሱ። ከ2008 በፊት ለሞቱት ሰዎች ከምስክር ጋር ተያይዘው በየወረዳው አንድ ዓይነት ተቀባይነት ይኑራቸው። የልዩ ዐቃቤ ሕግ ፋይሎችም ለቤተሰብ ይከፈቱ። የእድር ጸሐፊዎች እያረጁ ነው፤ ደብተሩም አብሯቸው እያረጀ ነው።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የሚውለው ግን የጻፈው ሲኖር ነው።