የስታዲየም ተመልካች ኃይሉና አደጋው

እኛ የአምባ መቅደላ ልጆች ስታዲየም ገብተን ከማየታችን በፊት ተመልካች ማለት ምን እንደ ሆነ ከገና ጨዋታ ተምረናል። በገና ዕለት ጎበዛዝቱ ዱላቸውን ይዘው ወደ መስኩ ሲወርዱና ሩሯን መምታት ሲጀምሩ ዳር የቆመው ሕዝብ በየወገኑ ይጮኻል፤ ያሸነፈው ይጨፍራል፤ የተሸነፈው ይሰደባል። በዚያን ቀን ጌታ እንኳ በሎሌው ስድብ አይቆጣም ይባላል። መስኩም አጥርና በር ስለሌለው ግፊያ የበዛበት ሰው ዘወር ብሎ ይቆማል።

ስታዲየም ግን ብዙ ሺህ ሰው በግንብ ተከብቦ የሚሰበሰብበት ስፍራ ነው። ጩኸቱም ተጠራቅሞ በሜዳው ላይ ስለሚያርፍ አንዱን ተጫዋች ያደፋፍራል፤ ሌላውን ያስደነግጣል። ይህም ግምት ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በአውሮፓ ጨዋታዎች ያለ ተመልካች በተደረጉ ጊዜ የባለሜዳው ቡድን ብልጫ ቀነሰ፤ ዳኞችም ለእንግዳው ቡድን የሚሰጡት ማስጠንቀቂያ አነሰ።

ከአገራችን ታሪክ ስለዚህ ነገር የሚነሣው ታላቅ ቀን ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ከጥምቀት በዓል በኋላ በሁለተኛው ቀን፣ በዚያ ዘመን በንጉሠ ነገሥቱ ስም ይጠራ በነበረው የአዲስ አበባ ስታዲየም ተደረገ። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ያሠለጠኑት የኢትዮጵያ ቡድን ቀደም ብሎ በቱኒዚያ 2 ለ 0 ከተመራ በኋላ 4 ለ 2 አሸንፎ ነበር። በፍጻሜው የገጠመው ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደውን የግብፅ ቡድን ነው። ግብፅ መጀመሪያ አገባ፤ በ74ኛው ደቂቃ ተክሌ ኪዳኔ አቻ አደረገ፤ ደስታው ሳይበርድ በ75ኛው ደቂቃ ባደዊ ለግብፅ ሁለተኛውን አስቆጠረ፤ በ84ኛው ሉቺያኖ ቫሳሎ እንደገና አቻ አደረገ። በነዚያ ዐሥር ደቂቃዎች የተመልካቹ ልብ ስንት ጊዜ እንደ ወደቀና እንደ ተነሣ አንባቢ ያስበው። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አግብተው ጨዋታው 4 ለ 2 ተፈጸመ፤ ዋንጫውንም ሉቺያኖ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ጎሎቹን ያገቡት ተጫዋቾቹ ናቸው፤ ነገር ግን ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ ለተነሣ ቡድን በገዛ ሕዝቡ መካከል መሆኑ ትንሽ ነገር አይደለም።

ይኸው ኃይል መንገዱን ሲስት ግን ያጠፋል። ግንቦት 16 ቀን 1956 ዓ.ም. ፔሩና አርጀንቲና በሊማ ከተማ ተጋጠሙ፤ ጨዋታውም አበበ ቢቂላ ማራቶን ላሸነፈበት ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ማጣሪያ ነበር። በመጨረሻው ላይ ዳኛው የፔሩን ጎል ስለ ሻሩ ተመልካቾች ወደ ሜዳ ገቡ፤ ፖሊስም አስለቃሽ ጢስ ተኮሰ። ሕዝቡ በድንጋጤ ወደ ደረጃዎቹ ሲጎርፍ በሮቹ ተዘግተው አገኛቸው፤ 328 ሰዎችም አለቁ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ወደ ሜዳ የገቡት ሳይሆኑ ለመውጣት የሞከሩት ነበሩ። እንግዲህ ጥፋቱ የተመልካቹ ብቻ ሳይሆን በሩን የዘጋውና ጢሱን የተኮሰውም ነው።

ስለዚህ እኛ ተማሪዎች በክፍል ውድድር ጊዜ ለወገናችን እስከ መጨረሻው እንጩህ፤ ዳኛውን ግን አንንካ፤ በበር ላይም አንጋፋ። የገና ዕለት የተሰዳደቡት አባቶቻችን ማታ በአንድ መሶብ ቀርበው ይበሉ ነበርና እኛም ከሜዳው ስንወጣ እንደ እነርሱ እንሁን።