ፀሐይን ያላማከረ ፎቅ

መቼም አዲስ አበባ ላይ ፎቅ ሲመረቅ የማይነገር ነገር የለም። ስንት ወለል እንዳለው፣ ስንት ሚሊዮን ብር እንደፈጀ፣ ምድር ቤቱ ስንት መኪና እንደሚያቆም፣ አሳንሰሩ ከየት አገር እንደመጣ ሁሉ ይነገራል። አንድ ነገር ግን አይነገርም፤ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በምዕራብ በኩል ባለው ቢሮ የሚቀመጠው ሰው ምን ይሆናል? መልሱን ለማወቅ ቀና ብሎ ማየት ይበቃል። ፀሐይዋ በመስታወቱ ዘልቃ ስትገባ ሰውየው መጋረጃ ይዘጋል። መጋረጃው ሲዘጋ ክፍሉ ይጨልማል፣ አምፖል ይበራል። ሙቀቱ ግን አንዴ ገብቷል፤ እሱን ለማስወጣት ደግሞ ቬንትሌተር ወይ ኤሲ ይከፈታል። በጠራራ ፀሐይ አምፖል አብርተን፣ በቀዝቃዛ አገር ማቀዝቀዣ ከፍተን እንሠራለን ማለት ነው።

«አካባቢን የማይጎዳ፣ ኃይል የሚቆጥብ ሕንፃ» ሲባል ብዙዎቻችን ከውጭ የመጣ፣ በስብሰባ አዳራሽ ተነግሮ በሻይ እረፍት የሚረሳ ወሬ ይመስለናል። አይደለም። አዲስ አበባ ገና በልጅነቷ የተጠየቀችው ጥያቄ ይኸው ነበር። በምን ትሠሪያለሽ? ምንስ ታነጂያለሽ?

በታሪካችን ውስጥ የንጉሥ መቀመጫ ብዙውን ጊዜ ተንቀሳቃሽ ሰፈር ነበር። ሠራዊቱ አንድ ቦታ ይሰፍራል፣ ዙሪያውን ያለውን ደን ለቤትና ለማገዶ ይጨርሳል፣ ከዚያ ጓዙን ጠቅልሎ ይነሣል። እንጦጦም ብርዱና የእንጨት እጥረቱ አስመርሮ ነው ሰው ወደ ፍልውሃ የወረደው። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባም ከዚሁ ዕጣ ለጥቂት ነው ያመለጠችው። ሃያ ዓመት ሳይሞላት በአካባቢዋ ያለው እንጨት አለቀ። አፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ በአምቦ መንገድ አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ከተማ መሥራት ጀመሩ፤ ስሙ ራሱ ሐሳባቸውን ይናገራል። ከተማዋን ከመነሣት ካተረፏት ነገሮች አንዱና ዋናው ባሕር ዛፍ ነው። ከባሕር ማዶ መጥቶ በጥቂት ዓመት የሚደርስ፣ ቢቆርጡት ከጉቶው መልሶ የሚያቆጠቁጥ ዛፍ ተገኘ። አዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ፣ አዲስ አበባም ባለችበት ቀረች። ባሕር ዛፍ ውኃ ይመጣል፣ መሬት ያደርቃል እየተባለ ዛሬ ቢታማም ከተማዋ ግን የሱ ባለዕዳ ናት።

እንግዲህ ከዚያ ዛፍ የወጣውን ቤት እንየው። ቋሚና ማገሩ ባሕር ዛፍ፣ ግድግዳው ጭድ ያለበት ጭቃ። ጭቃው ከጭዱ ጋር ተረግጦ ለቀናት እንዲቦካ ይተዋል፣ ከዚያ ይመረጋል፣ ሲደርቅ ይለሰናል። የአዲስ አበባ አየር ቀን አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ሌሊት ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ይጠጣና ማታ ሰው ሲበርደው መልሶ ይሰጣል። ያለ ቆጣሪ፣ ያለ መለዋወጫ፣ ያለ የውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ማሞቂያ ነው። ሲፈርስ ደግሞ ጭቃው ተመልሶ አፈር፣ እንጨቱ ማገዶ ይሆናል፤ የሚጣል ነገር የለም።

ይኸ የአዲስ አበባ ብልሃት ብቻ እንዳይመስልህ፣ አንባቢ። የትግራይ ህድሞ በወፍራም የድንጋይ ግንብና በአፈር ጣሪያ የቀኑን ሐሩርና የሌሊቱን ብርድ ይመክታል። የሐረር ጀጎል ቤቶች ወፍራም ግንባቸውን ለጠባብ መንገድ ሰጥተው እርስ በርስ ጥላ ይጣጣላሉ። ዶርዜዎች ቤታቸውን ከቀርከሃ እንደ ትልቅ ቅርጫት ይሠሩታል፤ ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላውን ቆርጠው ያስወግዱና ቤቱ ትንሽ አጥሮ ይቀጥላል። ረጅም ሆኖ ተወልዶ፣ እያጠረ የሚያረጅ ቤት ነው። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ማለት ይኸ አይደል?

በአዲስ አበባም ቢሆን ሰዉ በጭቃው ላይ ብቻ አልቆመም። ከውጭ ቆርቆሮ መጣ። ቆርቆሮ እሳት አይፈራም፣ ዝናብ አያስገባም፤ ግን ቀን ይጠብሳል፣ ሌሊት ያንዘፈዝፋል። ሰዉም መላ ዘየደ። ከቆርቆሮው ሥር አቡጀዲ ወይም ጆንያ ወጥሮ፣ ኖራ ቀብቶ ኮርኒስ አበጀ። በመካከል የቀረው አየር ሙቀቱንም ብርዱንም ያበርድ ነበር። ህንዳውያንና አርመናውያን ግንበኞች ደግሞ ከአገሬው አናጢ ጋር ሆነው በእንጨት የተዋበውን ሰፊ በረንዳ አመጡ። የጣይቱ ሆቴልን ሰገነት ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ሆቴሉ በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ጎድቶት ኋላ ታድሷል። በረንዳ ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ፀሐይ ግድግዳውን እንዳትመታው፣ ክረምት ደግሞ ዝናብ ጭቃውን እንዳያጥበው የተበጀ ጃንጥላ ነው።

በ1950ዎቹ ከተማዋ ወደ ላይ ማደግ ጀመረች። በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ፣ በ1957 ዓ.ም. ማዘጋጃ ቤቱ ተመረቁ፤ የሁለቱም አርክቴክት ጣሊያናዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ ነው። ፈረንሳዊው ሄንሪ ሾሜት፣ እስራኤላዊው ዛልማን ኤናቭና ኢትዮጵያዊው ሚካኤል ቴድሮስም በዚያው ዘመን ሠርተዋል። የዚያ ዘመን ፎቅ ሲሚንቶ ነው፣ ፈረንጅኛ ነው፣ እውነት ነው። ነገር ግን ብዙዎቹን ቆም ብሎ ላያቸው ሰው ከመስኮቱ በላይ የወጣ የሲሚንቶ ክንፍ፣ ገባ ያለ መስኮት፣ ጥልቅ በረንዳ ይታያል። ቁሱ ቢለወጥም ሠሪው ፀሐይዋን አማክሯል።

ምክሩ ምን ነበር? አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናታችን ብዙም አትርቅም፤ በሰኔ ጥቂት ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ ከዚያ በለጥ አድርጋ ወደ ደቡብ ታጋድላለች። ስለዚህ ፊቱን ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ያዞረ መስኮት አጭር ጥላ ይበቃዋል። አስቸጋሪዎቹ ምሥራቅና ምዕራብ ናቸው። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ስለምትገባ ከላይ የተዘረጋ ጥላ አይመልሳትም። ይህን ለማወቅ ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ ግቢው ውስጥ በርበሬ የሚያሰጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ታዲያ ያወቅነውን ማን አስረሳን? የኔ መልስ እንዲህ ነው። የጭቃ ቤቱን ያሠራው ሰው ራሱ ይኖርበት ነበር። ጎረቤቱን ለደቦ ጠርቶ፣ ለምርጊቱ ጠላ ጠምቆ ያሠራውን ቤት ብርዱንም ሙቀቱንም የሚቀምሰው እሱ ነው። የሚሠራውና የሚኖርበት ሰው ሲለያዩ ግን ቤቱ ፀሐይን ማማከር ይተዋል።

መለያየቱን በአዋጅ ያየነው በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ነው። ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆነው ቤቶች ወደ ቀበሌ ሄዱ፣ ኪራይም ተቀነሰ። በኪራይ ለሚጉላላው ድሃ እፎይታ ነበር፣ መካድ አይገባም። ግን የጭቃ ቤት እንደ ሰው ነው፣ በየጊዜው መታየት ይፈልጋል። ልስኑ ሲረግፍ መለሰን፣ ጣሪያው ሲቀደድ መደፈን አለበት። ቀበሌው በዚያ ኪራይ ማደስ አልቻለም፤ ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ ማፍሰስ አልደፈረም። ቤቶቹ ዘመሙ። እኛም የባለቤት ማጣትን በሽታ በጭቃው ላይ ለጠፍንና «ጭቃ ቤት» የድህነት ሌላ ስሙ ሆኖ ቀረ። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት በፒያሳ አካባቢ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ አብሮ የተነሣው ከዘመመው ግድግዳ ሥር የነበረው ብልሃትም ጭምር ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ግል ባለሀብቱ ሲመጣ መለያየቱ በሌላ በር ገባ። ባለ ፎቁ ፎቁ ውስጥ አይቀመጥም፣ ያከራየዋል። የሚፈልገው ከመንገድ ሲታይ የሚያብረቀርቅ፣ ቶሎ የሚያልቅ፣ በካሬ ሜትር የሚከራይ ነገር ነው። ስለዚህ ፎቁ ፊቱን ወደ ፀሐይ ሳይሆን ወደ አስፋልት አዞረ። አስፋልቱ በምዕራብ ከሆነ መስታወቱም በምዕራብ ነው። መስታወት ደግሞ የፀሐይን ብርሃን ያስገባል፣ ሙቀቱን ግን መልሶ ለማስወጣት ይሰስታል፤ ፀሐይ ላይ ቆሞ የዋለ መኪና በር ከፍቶ የገባ ሰው ያውቀዋል። ለማቀዝቀዝ የሚቆጥረውን የሚከፍለው ባለቤቱ ሳይሆን ተከራዩ ነው። ያተረፈው አንዱ፣ የሚጠበሰው ሌላው!

በ2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ ሲሆን ይህ ሁሉ ተገለጠ። ጄኔሬተር የሌለው ፎቅ አሳንሰሩ ቆመ፣ ኮሪደሩ ጨለመ። ያን ጊዜ የድሮ ቢሮ ውስጥ ያለ ሠራተኛ መስኮት ከፍቶ ሥራውን ይቀጥላል፤ የማይከፈት መስታወት ውስጥ ያለው ደግሞ ደጅ ወጥቶ ይቆማል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተሠሩት ባለ አራትና ባለ አምስት ወለል ኮንዶሚኒየሞች ስንት ሐሜት አለባቸው፤ ቢሆንም አብዛኞቹ አሳንሰር አይፈልጉም፣ መስኮታቸውም ይከፈታል። በዚህ በኩል ከብዙ ባለ መስታወት ፎቅ ይሻላሉ ብል ማን ያምነኛል?

«ታዲያ ምን እናድርግ፣ ወደ ጭቃ እንመለስ?» የሚል አይጠፋም። አይ፣ ሚሊዮኖች ለሚኖሩባት ከተማ ባለ አንድ ወለል የጭቃ ቤት አይበቃም፤ ለሁሉም ማገርና ቋሚ ልቁረጥ ቢባል ደኑም አይችልም። ጥያቄው ጭቃው ሳይሆን በጭቃው ውስጥ የነበረው አስተሳሰብ ነው። ለዚህ ምሳሌ ከአፍሪካ አልጠፋም። በዚምባብዌ ዋና ከተማ ሐራሬ እ.ኤ.አ. በ1996 ኢስትጌት የሚባል ትልቅ የቢሮና የሱቅ ሕንፃ ተከፈተ። አሠሪው የውጭ ምንዛሪ የሚበላ ማቀዝቀዣ አልፈልግም አለ። አርክቴክቱ ሚክ ፒርስ የኩይሳን ነገር አጠና፤ ምስጥ በአፈር ክምር ውስጥ አየር የምታዘዋውርበትን መንገድ ማለት ነው። ሌሊት ቀዝቃዛው አየር በማራገቢያ ተገፍቶ በወለሉ ውስጥ ባሉት ክፍት ቦታዎች ያልፋል፣ ወፍራሙን ሲሚንቶ ያበርደዋል፤ ቀን ደግሞ የበረደው ሲሚንቶ ሰዉን ያበርዳል። መስኮቶቹ ጥላ አላቸው። እኛ ኩይሳ የምናየው እርሻ ስናርስ ነው፣ እነሱ ፎቅ ሠሩበት። ሐራሬ ከአዲስ አበባ ዝቅ ያለች፣ ሞቅ ያለች ከተማ ናት። እዚያ ያለ ማቀዝቀዣ ከተቻለ እዚህ ምን ያቅተናል?

ሌላው ክርክር ደግሞ «አሁንማ መብራት አለን» የሚል ነው። ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፣ አቅሙም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ደስ ይላል። ግን ይህ ኃይል የሊስትሮው፣ የአስተማሪው፣ የገበሬው ቦንድ ያለበት ነው። ዛሬም በኩራዝ የሚያመሽ ገጠር እያለ፣ ያንን ኃይል ራሳችን መስታወት ውስጥ ያሰርነውን ሙቀት ለማስወጣት ማቃጠል ምን ይባላል? በአንድ ቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይጎትታል። ለእንጀራ ይሁን፣ እንጀራ ነውና። ለተዘጋ መስኮት ግን ለምን?

ሲሚንቶውም ቢሆን በነፃ አይመጣም። በጣሊያን ወረራ ዘመን ድሬዳዋ ላይ ከተተከለው ፋብሪካ ጀምሮ ሲሚንቶን የሥልጣኔ ምልክት አድርገን አይተነዋል። አንድ ቶን ሲሚንቶ ለማምረት ግን የኖራ ድንጋይ በከፍተኛ እሳት ይቃጠላል፤ ከእሳቱም ከድንጋዩም የሚወጣው ጋዝ አየሩን ያሞቃል። ስለዚህ ቆሞ ያለውን ጤነኛ ሕንፃ አፍርሶ አዲስ ከመሥራት ማደሱ ራሱ ቁጠባ ነው።

አንድ ፎቅ ሃምሳ ስድሳ ዓመት ይቆማል። ዛሬ በወረቀት ላይ የተሳሳተ መስመር የሃምሳ ዓመት የመብራት ሒሳብ ይሆናል፤ ያንን የሚከፍሉት ገና ያልተወለዱ ተከራዮች ናቸው። መፍትሔው ደግሞ ተአምር አይደለም። ፕላን የሚያጸድቀው ባለሙያ ስለ ወለሉ ብዛት ሲጠይቅ ፀሐይዋ በየት በኩል እንደምትገባም ይጠይቅ። ባለሀብቱ ለመስታወቱ ከሚያወጣው ቀንሶ ለጥላ ይክፈል። ተከራዩም ውል ከመፈረሙ በፊት «ኪራዩ ስንት ነው?» ብሎ እንደሚጠይቅ ሁሉ «መስኮቱ ይከፈታል ወይ? ወደ የት ነው የዞረው?» ይበል። ባለ ፎቅ የሚሰማው ገበያን ነው። ተከራይ መጠየቅ የጀመረ ዕለት በረንዳም ይመለሳል።